ፌስቡክና ቴሌግራም ለአምስት ወር ሲዘጉ፦ ገጽ የማስተዳደር ሥራ በ2015 ዓ.ም. የገጠመው ፈተና

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ውስጥ ተዘጉ። ጊዜው፣ ጥር 14 ቀን ወሊሶ ላይ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በተፈጸመው የ26 ኤጲስ ቆጶሳት ሹመት የተነሳው ውዝግብ የተካረረበትና ለየካቲት 5 ሰልፍ የተጠራበት ሳምንት ነበር። ሰልፉ ቀረ፤ ስምምነትም ተደረሰ። እገዳው ግን ሰነበተ፤ የተነሳው ሐምሌ 10 አካባቢ ነው። የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ፋሲካ (ሚያዝያ 8)፣ ኢድ አልፈጥር፣ የዳግማ ትንሣኤ ሰርግ፣ ኢድ አልአድሃ ሁሉም በዚህ መሐል አለፉ። በገጽ ለሚሸጥ ነጋዴ ከዘመን መለወጫና ከገና ቀጥሎ ያለው የገበያ ወቅት በሙሉ ማለት ነው።

ስልክ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ኢሜይልና ቴሌብር በዚያ ጊዜ አልተቋረጡም። ሱቁ ክፍት ነው፣ ዕቃው አለ፣ ገዢውም ብር አለው። የጠፋው ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ነበር። በግሉ የድርጅቶችን ገጽ እየያዘ በወር የሚከፈለው ፍሪላንሰር ኑሮውን የመሠረተው በዚያ መስመር ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም እንዲህ ያለ አንድ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ንግድ በአምስቱ ወር የት የት ላይ ተሰበረ፣ የትኛው ስብራትስ ቀድሞ መከላከል ይቻል ነበር የሚል ነው። የብር ስሌቶቹ ለማሳያ የተሠሩ ናቸው፤ አሠራሩና ሕጉ ግን የወቅቱ ነው።

ከመዘጋቱ በፊት ንግዱ ምን ይመስል ነበር

የተለመደው ውል በፖስት ቁጥር የሚቆጠር ፓኬጅ ነው፦ በወር 12 ፖስት፣ ኢንቦክስ መመለስ፣ በወሩ መጨረሻ አጭር ሪፖርት። ዋጋው 12,000 ብር ነው እንበል። አንድ ፖስት ከፎቶ መረጣ እስከ ጽሑፍና ዲዛይን አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ 12ቱ 18 ሰዓት ይበላሉ። ኢንቦክስ በቀን 45 ደቂቃ፣ በ26 የሥራ ቀን ደግሞ 19 ሰዓት ተኩል ነው። ፎቶ ለማንሳት ሁለት ግማሽ ቀን ሲጨመር 8 ሰዓት፣ ሪፖርትና ስብሰባ 3 ሰዓት። ድምሩ 48 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አራት ደንበኛ ማለት 194 ሰዓት፣ በቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ለብቻው የሚሠራ ሰው ጣሪያው እዚህ ላይ ነው፤ አምስተኛ ደንበኛ የተቀበለ ሰው መጀመሪያ የሚሰርቀው ከኢንቦክስ ሰዓት ነው። ሽያጭ የሚፈጠረው ደግሞ እዚያ ነው።

አራቱ ደንበኞች 48,000 ብር ያስገባሉ። በወር ለሚከፈለው ዲዛይነር 6,000፣ ለኢንተርኔት 1,500፣ ለዲዛይን ሶፍትዌሮች 1,500፣ ለትራንስፖርት 3,000 ሲወጣ 36,000 ይቀራል። ጥሩ ገቢ ነው፤ ነገር ግን አራቱም ደንበኞች በሁለት ኩባንያዎች፣ በሜታ (የፌስቡክና የሜሴንጀር ባለቤት) እና በቴሌግራም ላይ ተንጠልጥለዋል። ፍሪላንሰሩ አራት ደንበኛ ስላለው አደጋውን ያከፋፈለ ይመስለዋል። አራቱም አንድ ቀን በአንድ ምክንያት ሊቆሙ እንደሚችሉ ያየው በየካቲት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ቀጠሮ የተያዘላቸው ፖስቶች

ሥራውን በሥርዓት የሚመራ አስተዳዳሪ የወሩን ፖስት ቀድሞ ሠርቶ በሜታ ቢዝነስ ስዊት (የሜታ ገጽ ማስተዳደሪያ መሣሪያ) ላይ ቀን ያስይዝለታል። ቀን የተያዘለት ፖስት የሚወጣው ከሜታ ሰርቨር ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው ስልክ ፌስቡክን ባይከፍትም ፖስቱ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል። የካቲት 7 የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ነው፤ ለዚያ ሳምንት የተዘጋጀው ቅናሽ፣ አበባና ኬክ ቀድሞ ቀጠሮ ተይዞለታል። ከጥር 29 እስከ የካቲት 1 ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ጥሪ ጥቁር ለብሰው ጾመ ነነዌን የጾሙበት ሳምንት ገና ማለፉ ነበር። በዚህ መንፈስ መሐል በቀይ ልብ ያጌጠ የቅናሽ ማስታወቂያ መውጣቱ ከሽያጭ ማጣት የከፋ ጉዳት ነው። ውጭ አገር ያሉ ተከታዮች ገጹን እንደ ልባቸው ያያሉ፣ ኮሜንት ይጽፋሉ፤ እገዳው ከአገር ውጭ አይሠራምና። መልስ የሚሰጥ ግን የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ አዲስ ነገር መለጠፍ አልነበረም፤ የተጠመደውን ማስቆም ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይበጃል፦ መጀመሪያ ማስታወቂያ ማቆም፣ ምክንያቱም በየሰዓቱ ብር ይበላል፤ ቀጥሎ ቀጠሮ የተያዘላቸውን ፖስቶች ወደ ረቂቅ መመለስ፤ ከዚያ የገጹን ስልክ ቁጥር ከላይ የሚያሳይ አንድ ፖስት ማስቀመጥ፤ በመጨረሻ ለደንበኛው ደውሎ የተደረገውን መንገር። ለዚህ ሁሉ ወደ ገጹ መግባት ያስፈልጋል፤ መግቢያው ደግሞ ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በሌላ አገር በኩል የሚያዞር መተግበሪያ፣ ብቻ ሆነ። ውጭ አገር የሚኖር አንድ የታመነ ሰው በገጹ ላይ የተወሰነ ፈቃድ ቢሰጠው ይህን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ሊያከናውነው ይችል ነበር። ዳያስፖራ ውስጥ የሥራ ባልደረባ መያዝ እንደ ቅንጦት የሚታይ ነገር አይደለም፤ እንደ መለዋወጫ ቁልፍ ይቆጠር።

ቪፒኤን ያመጣው ሌላ ጣጣ

ብዙ ሰው ቪፒኤን አውርዶ ስለተመለሰ «ሥራው አልቆመም» የሚል ስሜት ነበር። ለተራ ተጠቃሚ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገጽ ለሚይዝ ሰው ግን ሦስት ነገር ተበላሸ።

አንደኛው አካውንቱ ራሱ ነው። ጠዋት ከኔዘርላንድስ፣ ቀትር ላይ ከሲንጋፖር፣ ማታ ከአሜሪካ የሚገባ አስተዳዳሪ ለፌስቡክ የተጠለፈ አካውንት ይመስላል። ነፃ ቪፒኤን ላይ ደግሞ አንዱን አድራሻ እጅግ ብዙ ሰው ይጋራዋል። ፌስቡክ ሲጠራጠር ማንነት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ኮዱ በኤስኤምኤስ የሚላክ ከሆነና ካልደረሰ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ገጹ በአንድ ሰው የግል አካውንት ብቻ የተያዘ ከሆነ የደንበኛው ንብረት አብሮ ታሰረ። መከላከያው ርካሽ ነው፦ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሙሉ ቁጥጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች ይኑሩ፣ አንደኛው የግድ ባለቤቱ ይሁን፤ ማረጋገጫው በኤስኤምኤስ ሳይሆን ኮዱን ራሱ ስልኩ ላይ በሚያመነጭ አረጋጋጭ መተግበሪያ ይሁን፤ ፌስቡክ የሚሰጣቸው 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ታትመው ባለቤቱ ጋ ይቀመጡ። ቪፒኤን የግድ ከሆነም የሚከፈልበትን ይዞ ሁልጊዜ በአንድ አገር ሰርቨር ብቻ መግባት ነው።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። ሜታ ሰው የት እንዳለ የሚገምተው በከፊል በኢንተርኔት አድራሻው ነው። ቪፒኤን የከፈተው የቦሌ ነዋሪ አምስተርዳም ያለ ሊመስል ይችላል፤ «አዲስ አበባ» ተብሎ የተከፈለው ቡስት (ፖስት ለብዙ ሰው እንዲታይ የሚከፈል ማስታወቂያ) ከእሱ ያመልጣል። ወጪው ደግሞ ቀላል አይደለም። ማስታወቂያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ ካርድ የሌለው በአማላጅ ያስከፍላል። በ2015 ዓ.ም. የባንኩ ዶላር 54 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ትይዩ ገበያው እጥፍ ያህል ነበር። በእጥፍ ምንዛሪ የተገዛ ዶላር ገዢው በሌለበት ሲበተን ማለት ነው። በእነዚህ ወራት የአገር ውስጥ ቡስት ሙሉ በሙሉ መቆም ነበረበት፤ እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ሪፖርቱ ነው፤ ይህኛው ሳይታወቅ ያሳስታል። የተከታዮች ከተማ ዝርዝር በድንገት የውጭ ከተሞችን ሲያሳይ «ዳያስፖራ ገበያ አገኘን» ብሎ ለደንበኛ ማቅረብ ቀላል ነው። ማጣሪያው የገዢው ስልክ ቁጥርና የማድረሻ አድራሻ ነው። ቁጥሩ በ09 ወይም በ07 ከጀመረ፣ ዕቃውም ሳሪስ የሚደርስ ከሆነ ሰውየው አገር ቤት ነው፣ ግራፉ ምንም ቢል።

«ዋጋ በውስጥ» የሚለው ልማድ ያስከፈለው ዋጋ

በኛ አገር ገጾች ላይ ዋጋ አይጻፍም። «ዋጋ በውስጥ መስመር»፣ «ኢንቦክስ ያድርጉልን» ይባላል። ነጋዴው ተፎካካሪው ዋጋውን እንዳያይ ይፈልጋል፤ አስተዳዳሪውም የመልእክት ቁጥር ሲጨምር ሪፖርቱ ያምርለታል። በዚህ ልማድ የተነሳ የሁለትና የሦስት ዓመት ገዢዎች ስም፣ የጠየቁት ዕቃ፣ የተደራደሩበት ዋጋ ሁሉ በሜሴንጀርና በቴሌግራም ውስጥ ተከማችቶ ቀረ። የካቲት 2 ሁለቱም ተዘጉ። የቴሌግራም ቻናል አስተዳዳሪ የአባላቱን ስልክ ቁጥር እንደማያይም ማስታወስ ይገባል፤ አሥር ሺህ አባል ያለው ቻናል አንድም ስልክ ቁጥር በእጅ ላይኖረው ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ሰው ለገጽ መልእክት ከላከ ከ7 ቀን በኋላ ገጹ መልስ እንዳይልክ ሜታ ይከለክላል፤ ሰውየው ራሱ እንደገና ካልጻፈ በስተቀር። በየካቲት መጀመሪያ «አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ገዢ መልስ ሳያገኝ ከቆየ፣ መስመሩ በሐምሌ ቢከፈትም ገጹ ቀድሞ ሊጽፍለት አይችልም። ያ ገዢ ጠፋ።

መፍትሔው አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ጎግል ሺት ይበቃል። ስምንት ዓምድ ይኑረው፦ ቀን፣ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የጠየቀው ዕቃ፣ የተነገረው ዋጋ፣ መልእክት እንዲላክለት መፍቀዱ፣ ቀጣይ የምንደውልበት ቀን። ስልክ ቁጥር የሚጠየቀው ዋጋ ከተነገረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሲጠየቅ ሰው ይሸሻል። «ዕቃው ሲገባ እንድናሳውቅዎ ስልክዎን ይላኩልን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያቱንም ፈቃዱንም አብሮ ይይዛል። ሠንጠረዡ በዚያው ቀን ይሞላ፤ ለነገ የቀረ መልእክት አይሞላም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ የፈቃድ ዓምዱ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ዝርዝሩ የደንበኛው ድርጅት ንብረት ነው፤ ፍሪላንሰሩ ለሌላ ነጋዴ ሊሸጠው ቀርቶ ሊያሳየው አይገባም።

ዝርዝሩ የነበረው ሰው በማግሥቱ ኤስኤምኤስ መላክ ይችል ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው የፊደል ቁጥር አለ። በላቲን የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ተቆራርጦ እያንዳንዱ ክፋይ 67 ይይዛል። ስለዚህ 150 ፊደል ያለው የአማርኛ ማስታወቂያ እንደ ሦስት መልእክት ይቆጠራል፤ ለ500 ሰው ሲላክ 1,500 መልእክት ነው። በአንዱ ውስጥ እንዲያልቅ እንዲህ ይጻፋል፦

«ሰላም፣ የጠየቁት ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ገብቷል። ለማስያዝ በዚህ ስልክ ይደውሉልን።»

ክፍት ቦታና ነጥብ ተቆጥሮ 49 ነው፤ የሱቁን ስም ለመጨመር 20 ያህል ይተርፋል። «የጠየቁት» የሚለው ቃል የሚሠራው ሠንጠረዡ ላይ የጠየቀው ዕቃ ስለተጻፈ ነው። ለሁሉም በጅምላ የሚላክ «ታላቅ ቅናሽ» ይህን አያገኝም።

ውሉ

በየካቲት መጨረሻ ደንበኞች ደወሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር፦ «ፌስቡክ ተዘግቶ ለምን እንከፍላለን?» ውሉ «12 ፖስት» የሚል ከሆነ መልስ የለውም። የተሸጠው ፖስት ነው፤ ፖስት ደግሞ የሚያየው የለም።

በምሳሌያችን ካሉት አራት ደንበኞች አንዱ አቆመ፣ አንዱ በግማሽ ዋጋ ቀጠለ፣ አንዱ «ሲከፈት እንተሳሰባለን» ብሎ አቆየ፣ ለዳያስፖራ የሚሸጠው አራተኛው በሙሉ ከፈለ እንበል። በእጅ የገባው 18,000 ብር ነው። ወጪው ከነቪፒኤን ክፍያው 12,500 ደረሰ። 36,000 ይተርፈው የነበረው ሰው 5,500 ቀረው።

አንዳንዶች «ከአቅም በላይ ነው» በሚለው የሕግ መከላከያ ይጽናናሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው፤ አንቀጽ 1793 የመንግሥት ክልከላን ከምሳሌዎቹ አንዱ ያደርጋል። ነገር ግን በሰኔ 2011 ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በሰኔ 2012 መጨረሻ ደግሞ ለሳምንታት ተቋርጧል። ከዚያ በኋላ ውል የፈረመ ሰው «ሊታሰብ የማይችል ነበር» ማለት ይከብደዋል። ቢሳካለትም መከላከያው ከካሳ ያድነዋል እንጂ የወር ክፍያ አያመጣለትም። ክፍያን የሚያመጣው በውሉ የተጻፈ አንቀጽ ብቻ ነው። ለምሳሌ፦

«በዚህ ውል ከተጠቀሱት መድረኮች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ በአገር ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ ከተዘጉ፣ አገልግሎት ሰጪው ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በአባሪ 2 ወደተዘረዘሩት ሥራዎች ይዞራል፤ ወርኃዊ ክፍያውም የመደበኛው 70 በመቶ ይሆናል። መዘጋቱ ከ60 ቀን ካለፈ ማንኛውም ወገን በ7 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ውሉን ማገድ ይችላል። ማገድ ውሉን ማፍረስ አይደለም።»

አራቱም ደንበኞች በዚህ አንቀጽ ቢቆዩ ገቢው 33,600፣ ተራፊው 21,100 ይሆን ነበር። በአባሪ 2 የሚገባው ሥራ እውነተኛ ካልሆነ ግን አንቀጹ የወረቀት ጌጥ ነው፤ ማንም ነጋዴ ለምንም ነገር 70 በመቶ አይከፍልም። አባሪው ውስጥ ሊቆሙ የሚችሉ ሥራዎች አሉ፦ በየሳምንቱ ከዝርዝሩ ላይ ለተመረጡ ገዢዎች ኤስኤምኤስና ስልክ፣ የዕቃ ፎቶና ዋጋ የያዘ ባለ አንድ ገጽ ድረ ገጽ፣ የጎግል ካርታ ላይ የሱቁን አድራሻ፣ ሰዓትና ፎቶ ማስተካከል፣ ለሚቀጥሉት ሁለት በዓላት የሚሆን ፎቶና ቪዲዮ ቀርጾ ማስቀመጥ። የመጨረሻው በተለይ አይናቅ፤ በሐምሌ መስመሩ ሲከፈት ለዘመን መለወጫ የቀረው ሁለት ወር አይሞላም ነበር።

ሌላው ውል ላይ የሚረሳ ነገር የግብር ነው። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርጅት ከ3,000 ብር በላይ አገልግሎት ሲገዛ 2 በመቶ ቀንሶ ያስቀራል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለሌለው ግን 30 በመቶ። ከ12,000 ብር 240 መቀነስና 3,600 መቀነስ በችግር ወር ልዩነቱ የቤት ኪራይ ነው። መጠኖቹ ከዚያ ወዲህ በማሻሻያ ተለውጠዋል፤ ፈቃድና መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ደንበኛ በፊት ማውጣት ግን አሁንም አዋጭ ነው።

ማን በተሻለ ሁኔታ ቆየ

ገዢው ውጭ አገር ያለው ንግድ አልቆመም። ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሰው ፌስቡኩ ይሠራል፤ አዲስ አበባ ላሉ ወላጆቹ የበዓል በግ ወይም ስጦታ የሚያዝ፣ የሐበሻ ልብስ የሚያስልክ፣ አፓርትመንት የሚጠይቅ ገዢ ገጹን ያያል። እንዲህ ያለ ደንበኛ የያዘ አስተዳዳሪ የማስታወቂያውን አቅጣጫ ወደ ውጭ ከተሞች አዞረ፣ ፖስቱን በዋሽንግተን ምሽት ሰዓት አወጣ፣ ዋጋን በዶላር ጭምር ጻፈ። ከአራት ደንበኛ ቢያንስ አንዱ እንዲህ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው የምንለው ለዚህ ነው። የአካባቢ ገዢ ብቻ ያለው የሰፈር ዳቦ ቤት ግን ይህ መንገድ የለውም፤ ለእሱ ኤስኤምኤስና በሩ ላይ የተለጠፈ ስልክ ቁጥር ይሻላል።

ሲከፈት የኮሜንት ጎርፍም አብሮ መጣ። በንግድ ገጽ ሥር ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ፣ ስለ ብሔር የሚጻፍ ስድብ አስተዳዳሪው ራሱ ካልደበቀው እዚያው ይቀራል። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት በሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ ላይ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ይደነግጋል። ብዙ የንግድ ገጾች ይህን ቁጥር አልፈዋል፤ ያልተጣራ ወሬ በደንበኛ ገጽ ላይ ማጋራት ፈጽሞ አይገባም። በሜታ ቢዝነስ ስዊት የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር በአማርኛና በኦሮምኛ ማስገባት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

መስመሩ ከተከፈተ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ይህ ከየካቲቱ የተለየ ነው፦ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ያለ ደንበኛ ቪፒኤንም አያድነውም፣ ድረ ገጹም አይከፈትለትም፣ ገዢውም ኦንላይን የለም። ስለዚህ አንቀጹ ሁለት ሊሆን ይገባል፤ አንዱ መድረክ ሲዘጋ፣ ሌላው በደንበኛው ከተማ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ። ለሁለተኛው ክፍያው ከ70 በመቶ ወደ 30 ይወርዳል፤ የሚሠራውም ሥራ ሁለት ብቻ ይሆናል፦ አዲስ አበባ ያለው አስተዳዳሪ ገጹን ለውጭ ገዢዎች መጠበቅ፣ የገባውን ጥያቄም በየቀኑ በቁርጥ ሰዓት ለባለሱቁ በስልክ ማንበብ።